እሺ ብሎ የጠፋው አመልካች

በአዲስ አበባ ማመልከቻን በፖስታ አሽጎ ደጅ መጥናት እየቀረ፣ ሲቪን በኢሜይልና በቴሌግራም መላክ ከተለመደ ወዲህ ማመልከት ቀላል፣ ለጠራ ቀጣሪ መልስ መስጠት ግን ከባድ ሆኗል። አመልካቹ ያንኑ ሲቪ ባየው ማስታወቂያ ሁሉ ላይ ስለሚበትን፣ ከአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ሲደወልለት «ማን ልበል?» ብሎ ይጀምራል፤ ደዋይዋ የድርጅቱን ስም ሁለት ጊዜ ከጠራችለት በኋላም «ለምን የሥራ መደብ ነበር ያመለከትኩት?» ይላል። እዚህ ላይ ቃለ መጠይቅ የሚደረግለት ማን እንደሆነ ያጠራጥራል።

በቴሌግራም የሚመልሰውም ብዙ አይሻልም። «ለጥሪያችሁ አመሰግናለሁ፤ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እገኛለሁ» ብሎ መጻፍ የከበደው ሰው ከታክሲ ውስጥ ሆኖ የድምፅ መልእክት ይልካል። ባለሙያዋም ስለ ሥራ ልምዱ ለመስማት ጆሮዋን ብትሰጥ፣ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ሲል፣ ከኋላ ወንበርም አንዲት እናት መልሳቸውን ሲጠይቁ ሰምታ ታበቃለች። ሰዓቱን ጠይቆ ማረጋገጥ ነውር የሚመስለውም አለ፤ የውጭ ድርጅት በእንግሊዝኛ «9:00» ብሎ የጻፈለትን በአገሩ አቆጣጠር አንብቦ፣ ፈተናው ጠዋት ካለቀ በኋላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከነክራቫቱ ብቅ ይላል።

የሁሉም ቁንጮ ግን «አልፈልግም» ማለት የማይሆንለት ነው። ደመወዙ ሲነገረው ለቤት ኪራይ እንኳ እንደማይበቃው በልቡ አስልቶ ሲያበቃ፣ ይሉኝታ ይዞት «እሺ፣ በጣም ደስ ይለኛል፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» ይላል፤ መቼ መጀመር እንደሚችል ሲጠየቅም «ከፈለጋችሁ ከነገ ጀምሮ» ብሎ ያርፈዋል። ሰውየው እኮ ሌላ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ እየሠራ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ቀጣሪው ግን አምኖ ጠረጴዛና መታወቂያ ያዘጋጃል። ሰኞ ስልኩ ዝግ ነው። ማክሰኞ «ለቅሶ ላይ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ይመጣል። በዚህች ከተማ «ይቅርታ፣ ሥራውን መቀበል አልችልም» ላለማለት ሲባል ስንት ጤነኛ አጎት እንደተቀበረ፣ ስንት አያት ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዳረፉ የሚያውቁት የቅጥር ባለሙያዎች ብቻ ናቸው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አጎት ከመግደል ሁለት መስመር መጻፍ ይቀላል፤ አጎትዬውን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ይሁንና ነቀፌታው ሁሉ በአመልካቹ ላይ ሊከመር አይገባም፤ ዝምታን ያስተማሩት ቀጣሪዎቹ ራሳቸው ናቸውና። ደመወዙን «በስምምነት» ከሚለው ቃል ጀርባ ይሸሽጋሉ፤ በግንቦት የፈተኑትን ሰው «እንደውልልሃለን» ብለው ይሸኙና ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስም አይደውሉም። ይህም እንዳይነሣባቸው በማስታወቂያው ግርጌ «ለቃለ መጠይቅ የምንጠራው የተመረጡ አመልካቾችን ብቻ ነው» ብለው ከይቅርታው አስቀድመው ተገላግለዋል። እንግዲህ አመልካቹም በሲቪው ግርጌ «መልስ የምሰጠው ለተመረጡ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው» ብሎ ቢያሰፍር፣ ቢያንስ የእናቱ ወንድሞች በሰላም ውለው ያድራሉ።