ወፉ ሞልቷል፤ የሚያሳየን ሰው የት አለ?

በዝናብ ደን ውስጥ ወፍ ማየት ከባድ ነው። በቴሌቪዥን ስናየው በየቅርንጫፉ ባለቀለም ወፍ የተደረደረበት ይመስለናል። ኮስታ ሪካ ውስጥ፣ ሳራፒኪ በሚባለው ቆላማ አካባቢ፣ በአስጎብኚ እየተመራን ጫካ ስንገባ ግን ለረጅም ሰዓት ዓይናችን ያገኘው ቅጠል ብቻ ነበር። ቅጠል፣ ሐረግ፣ ከሐረጉ ጀርባ ሌላ ቅጠል። ዛፎቹ ሽቅብ ሲያዩዋቸው አንገት ያሳምማሉ። ወፎቹ ደግሞ አብዛኞቹ እዚያው ጫፍ ላይ ናቸው። አካባቢው በዓመት 4 ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድበታል። የሐዋሳ ዝናብ 1 ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም።

የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ያደግሁት ሐዋሳ። ጉዞውን ያሰናዱት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። እነሱ ዘንድ ወፍ ማየት ትልቅ ጉዳይ ነው። ያዩትን ሁሉ ይመዘግባሉ። ስልካቸው ላይ ኢበርድ የሚባል መተግበሪያ አለ፤ የሚያስተዳድረው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል ነው። ማንም ሰው ያየውን ወፍ ከነቦታውና ከነሰዓቱ ያስገባበታል። ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል።

አስጎብኚያችን የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ጎልማሳ ነበር። ገና ሳይነጋ፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ጀመርን። ሰውዬው ብዙ አያወራም። ይሄድ ይሄድና ድንገት ቀጥ ይላል። እጁን ያነሳል። ሁላችንም ባለንበት እንቆማለን። አንድ ቦታ ላይ ከቁጥቋጦው ውስጥ ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ቀጭ! ቀጭ! ሰው ጭራሮ የረገጠ ይመስላል። «ይሄ ጉሮሮው አይደለም፤ ክንፉ ነው» አለን በሹክሹክታ።

ማናኪን የሚባል፣ አንገቱ ዙሪያ ነጭ የሆነ ሚጢጢ ወፍ ነው። ወንዱ መሬት ላይ ትንሽ ቦታ ይመርጥና ቅጠሉን እየለቀመ ያጸዳል። ከዚያ በዙሪያው ካሉት ቀጫጭን ግንዶች ካንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ክንፉን ያጮኻል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሴቷ መጥታ እንድታየው ነው። አስጎብኚው ቴሌስኮፑን አስተካክሎ ተራ በተራ አሳየን። አረንጓዴ የጨረር ብዕርም ነበረው። ግን አንድም ጊዜ ወፉ ላይ አላበራም። ዓይኑን እንዳይጎዳው ዝቅ አድርጎ ግንዱን ነበር የሚያመለክተን።

ያን ዕለት የከፈልነው ለወፉ አይደለም። ለዚያ ሰው ጆሮ ነው የከፈልነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ቅጠል ስናይ ውለን፣ ቢንቢ በልቶን እንመለስ ነበር። ሐዋሳ በሄድኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይሄ ነገር ነው።

ስለ ራሱም ትንሽ አጫውቶናል። አባቱ ጫካ መንጥሮ ከብት ያረባ ነበር። በዚያን ዘመን ብዙ ገበሬ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መመንጠር መሬት እንደማልማት ይቆጠር ነበርና። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የኮስታ ሪካ ደን ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ሩብ ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ከግማሽ በላይ ነው። በ1996 የደን ሕግ ወጣ። በዓመቱ ደግሞ መንግሥት ደን ለሚጠብቅ ባለመሬት መክፈል ጀመረ። ከገንዘቡ ብዙው የሚመጣው ከነዳጅ ቀረጥ ነው። መኪና የሚነዳው ሰው ዛፉን ላልቆረጠው ይከፍላል ማለት ነው። ይህ አሠራር ብልህነት የሞላበት ነው። የመንጣሪውን ልጅ ወፍ አሳይቶ እንጀራ የሚበላ ሰው ያደረገው ግን ሕጉ ብቻ አይደለም። የወፍ ድምፅ ለይቶ ማወቅ እዚያ አገር ሙያ ተብሎ ስለሚከበር ነው።

ወደ ሐዋሳ ልምጣ። እዚህ ወፍ ለማየት አንገት ማቅናት አያስፈልግም። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሄደ ያውቀዋል። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ይመለሳሉ። ልጆች ቆሮሶውን ይሰነጥቃሉ፤ አንጀቱን ወዲያ ይወረውራሉ። አባ ኮዳዎቹ እዚያው ሰው መሃል ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ የሚችል ወፍ፣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ከሚበላ ሰው አጠገብ ቆሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አባ ኮዳን ጠጋ ብላችሁ እዩት። እግሩ በኖራ የተለቀለቀ ይመስላል። ቆዳው ግን ጥቁር ነው። ሙቀት ሲበዛበት እግሩን በራሱ ኩስ ያርሰዋል፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱ ይቀዘቅዝለታል። ነጩ ነገር የደረቀ ኩስ ነው። ጭንቅላቱ የተመለጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥንብ ውስጥ የሚገባ ራስ ላባ ቢኖረው በደም ይለወስ ነበር። ይህን የሚነግር አንድ ሰው ገበያው ዳር ቢኖር እንግዳው አፍንጫውን ይዞ ከማለፍ ይልቅ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

ለእኔ ግን የሐዋሳ ትልቁ ትርኢት ያለው ሾላዎቹ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ባሉት የሆቴል ግቢዎች ውስጥ ማኪያቶ አዝዛችሁ ስትቀመጡ ከራሳችሁ በላይ የሚጮኸው፣ ሲበር ክንፉ ሹ ሹ የሚለው ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ። ሆርንቢል ይባላል። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት ይመስላል። የእርኩም ዘመድ ነው።

ኮስታ ሪካ ውስጥ ቱካን ሲታይ ከባልደረቦቼ አንዷ አልቅሳለች። አልፈርድባትም፤ ቱካን በእውነት ውብ ነው። ትልቁን ምንቃሩን ያየ ሰው የሆርንቢል ወንድም ይመስለዋል። ዝምድናቸው ግን የሩቅ ነው። ቱካን የአሜሪካ አህጉር ወፍ ሲሆን የቅርብ ዘመዱ ግንደ ቆርቁር ነው። ሆርንቢል የአፍሪካና የእስያ ነው። ሁለቱም ፍሬ ይበላሉ፣ ዘሩን በየቦታው ይበትናሉ፣ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ይፈለፍላሉ። እዚህ ላይ ግን የእኛው ይበልጣል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

ምክንያቴ ይህ ነው። እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ ሴቷ ሆርንቢል ሽንቁሩ ውስጥ ትገባለች። በሩ በጭቃ ይደፈናል። ጭቃውን የሚያመጣላት ወንዱ ነው። የምትቀረው ምንቃር የምታስገባ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ናት። ለወራት እንደተዘጋባት ትቀመጣለች፤ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ወንዱ ሾላውን በጉሮሮው አጭቆ ይመጣና ፍሬውን አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቋ ያጎርሳታል። እሷንም ጫጩቷንም የሚቀልበው እሱ ነው። እሱ አንድ ነገር ከሆነ ከነጫጩቷ ጉድ ይፈላባታል። ይህ ታሪክ ከማኪያቷችን ከፍ ብሎ ያለ ታሪክ ነው። አስተናጋጁም አይነግረንም፤ እኛም አንጠይቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይሄኔ ነው።

ሌላም አለ። በየሾላው የሚንጫጩት ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች፣ ክንፋቸው ሥር ጥቁር ያለባቸው፣ የሚገኙት ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ነው። ግንባሩ ቀይ ከሆነ ወንድ ነው። ሰው እነሱን ለማየት ከአውሮፓ ድረስ ትኬት ይቆርጣል።

የሚያውቅ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ባለፈው ጉዞዬ አንድ ወጣት ባለጀልባ እንደተለመደው «ጋሼ፣ ጉማሬ ላሳይዎት» ብሎ ወሰደኝ። ፊላው ዳር ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ። ቅጠል ላይ የምትራመድ ረጃጅም ጣት ያላት ወፍ ነበረች፤ ጃካና ናት። ስለ ወፏ ጠየቅሁት። «ይሄ ወንዱ ነው ጋሼ። እናትየዋ ጥላ ነው የምትሄደው። የሚያሳድጋቸው እሱ ነው። የሆነ ነገር ካስደነገጠው ጫጩቶቹን ብብቱ ሥር ይይዝና ይሮጣል፤ እግራቸው ብቻ ተንጠልጥሎ ይታያል» አለኝ። ኮስታ ሪካም የራሷ ጃካና አላት። አስጎብኚያችን ረግረግ ዳር አቁሞን፣ መጽሐፉን ገልጦ፣ ወንዱ እንደሚታቀፍ የነገረን በትክክል ይህንኑ ነበር። ባለጀልባው መጽሐፍ የለውም። ባይኖኩላርም የለውም። ሐይቁ ላይ አድጎ በዓይኑ ያየውን ነው የነገረኝ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያኛው በዚህ እውቀቱ ቤት ሠርቶበታል። ይሄኛው የሚከፈለው ለነዳጁና ለጀልባው ነው፤ ለሚያውቀው ነገር ማንም ሰባራ ሳንቲም አይሰጠውም። ስለዚህ ጉማሬውን አሳይቶ ቶሎ ይመለሳል፤ ሌላ ደንበኛ ይጠብቃል። ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

ከውጭ የምንመጣ ሰዎች «እዚያ አገር ቢሆን ኖሮ» ማለት እንወዳለን። ሁሉን ነገር ከዚያ እንቅዳ ባይ ግን አይደለሁም። በዚያ ጫካ ደማቅ ልብስ አትልበሱ፣ አታውሩ፣ ከመንገዱ አትውጡ ተብለናል። ተገቢ ነው፤ ቦታው ያስገድዳል። አብረውኝ ከነበሩት አንዳንዶቹ ግን የወፉን ስም ከመዘገቡ በኋላ ደግመው አላዩትም። ዓይናቸው ወዲያው ሌላ ይፈልጋል። ሐዋሳ ላይ እንዲህ አይደለም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ማታ ማታ ተማሪው ያጠናል፣ ጥንዶች ይንሸራሸራሉ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ጉሬዛው ዛፍ ላይ ነው፣ አባ ኮዳው መሃላቸው ነው። ወፉ ሰው አይፈራም። ሰውም ወፉን አያሳድድም። ይህን ኮስታ ሪካ በገንዘብ ልትገዛው አትችልም።

የሚያስፈራኝ ይህ አብሮነት ማንም ሳያስበው እንዳይላላ ነው። ሆርንቢል ጎጆ አይሠራም። ሽንቁር ያለው ትልቅ ዛፍ ይፈልጋል። እንደዚያ ያለ ዛፍ በ10 ዓመት አይበቅልም። ግቢ ሲሰፋና ሕንፃ ሲነሳ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ «ቅጠሉ ግቢ ያቆሽሻል» ይባላል። በምትኩ ዘንባባ ይተከላል። ዘንባባው ያምራል፤ ለሆርንቢል ግን ፍሬም ቤትም አይሆነውም። ከከተማዋ ምሥራቅ ያለው ጨለለቃ አንድ ጊዜ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ውሃ እንኳ እንዲህ ካለቀ ዛፍማ ምን ያህል ይቆያል?

እውቀቱ ግን ሩቅ አይደለም። ወንዶ ገነት ላይ በፈረንጆቹ ከ1978 ጀምሮ የደን ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ አለ፤ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ከኮሌጁ በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ ግንባሩ ቢጫ በቀቀን አለ። ብዙ ሰው ወንዶ ገነት የሚሄደው ለፍል ውሃው ነው። ይታጠባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በፈረንጆቹ ከ1966 ጀምሮ አለ። ምሁሩን፣ ባለጀልባውንና ባለሆቴሉን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው የጠፋው።

የኮስታ ሪካ ብሔራዊ ወፍ ምን እንደሆነ ስሰማ ደስ ብሎኛል። ያን ሁሉ ባለቀለም ወፍ ይዘው በፈረንጆቹ 1977 የመረጡት ዝም ብላ ቡናማ የሆነች ወፍ ነው። ዘፈኗ የዝናቡን መምጣት ለገበሬው ስለሚነግርለት ነው። እኛም ወቅት የምናውቅባት የመስቀል ወፍ አለችን። ልጆች ሳለን ከመስቀል በኋላ የት እንደምትሄድ እንጠይቅ ነበር። የትም አትሄድም። የመስቀል ወፍ የሚባሉት ወፎች ወንዶቹ በክረምቱ ደማቅ ላባ ያወጣሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ያራግፉና ቡናማ ሆነው ከሌላው ወፍ ይመሳሰላሉ። ዓመቱን ሙሉ ደጃችን ላይ ናቸው። ሐዋሳ ያለ አንድ ሕፃን ይህን ከባለጀልባ አፍ ቢሰማ እንዴት ደስ ባለኝ!

ስለዚህ ለእረፍት የምትመጡ ወገኖቼ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ሂዱ። ባለጀልባውን «ጉማሬው ይቆይ፤ የምታውቀውን ወፍ ሁሉ አሳየኝ» በሉት። ለጀልባው ከምትከፍሉት ለይታችሁ ለእውቀቱ ክፈሉት፤ ለምን እንደከፈላችሁትም ንገሩት። ቤታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ባይኖኩላር ካለ ይዛችሁ ኑና ለእሱ ተዉለት። ያረፋችሁበትን ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ግቢው ውስጥ ያለው ሾላ ላይ ማን እንደሚኖር ጠይቁት፤ ካላወቀ ንገሩት። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከመጣችሁ ደግሞ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ሐይቁ ዳር የሚከርሙትንም ወፎች አብራችሁ ታያላችሁ።