የክሊፕ ዳይሬክተሮችን ስለ ካሜራ ብቻ አትጠይቁ

ፊልም መሥራት የሚመኙ ብዙ ወጣቶች አውቃለሁ። ስሙ የታወቀ የዘፈን ክሊፕ ዳይሬክተር ሲያገኙ የሚጠይቁት ሁልጊዜ ያው ነው፤ "በምን ካሜራ ነው የቀረጽከው?" ከዚያ ሌንስ፣ ከዚያ ከለር። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ያ ሰው ሊያስተምራቸው የሚችለው ትልቁ ነገር ካሜራው ውስጥ የለም።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ክሊፕ የሠራ ሰው ምን እንደሚያውቅ አስቡት። እሁድ ጠዋት ፒያሳ ቀረጻ አለ እንበል። የፈቃድ ደብዳቤው ተይዟል። ፖሊስ ሲመጣ የሚያናግረው ሰው ቀድሞ ተመድቧል። ፀሐይዋ ሳትከር የሚያልቁት ሾቶች ተለይተዋል። ተወዛዋዦቹ ቁርስ ካልበሉ ረፋዱ ላይ ፊታቸው እንደሚያሳብቅ ዳይሬክተሩ ያውቃል። ይሄ ሁሉ የፊልም ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይገኝም።

አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ። ድምፃዊው በስሎው ሞሽን ይራመዳል፤ ከንፈሩ ግን ከዘፈኑ ጋር ልክክ ይላል። እንዴት? ቀረጻው ላይ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል። ድምፃዊው በዚያው ፍጥነት ይዘፍናል። ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም፣ ማለትም 50 ነጠላ ምስል፣ ይቀርጻል። ኤዲቲንግ ላይ በሰከንድ 25 ሲሄድ እርምጃው ይዘገያል፣ ከንፈሩ ይገጥማል። ለዚህ የፈጠነው ዘፈን ከዋዜማው መዘጋጀት አለበት። ድምፃዊውም ቤቱ ተለማምዶ መምጣት አለበት። ካሜራው ላይ ቁጥሩን መቀየር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ዳይሬክተሩን መጠየቅ ያለብን ስለዚያ ዋዜማ ነው።

ክሊፕ የማያስተምረውም አለ። ድምፅ አንዱ ነው። ክሊፕ ስትቀርጽ ታክሲ ጡሩምባ ቢያጮህ፣ ጀነሬተር ቢያጓራ ግድ የለህም፤ ዘፈኑ ስቱዲዮ ተቀድቶ አልቋል። ፊልም ላይ ግን ያቺ የታክሲ ጡሩምባ ተዋናዩ በስንት መከራ ያመጣውን ስሜት ይዛብህ ትሄዳለች።

ትልቁ ጉድለት ግን ታሪክ ነው። አራት ደቂቃ በሚያምር ምስል መሙላት ይቻላል፤ መቶ ደቂቃ ግን አይቻልም። እዚህ ላይ ከውጭዎቹ አንድ ነገር ብንማር ደስ ይለኛል። ስፓይክ ጆንዝ እና ሚሼል ጎንድሪ ስማቸውን በክሊፕ የተከሉ ዳይሬክተሮች ናቸው። የመጀመሪያ ረጅም ፊልማቸውን ጆንዝ በ1999፣ ጎንድሪ በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አወጡ። የሁለቱንም ስክሪፕት የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ቻርሊ ካፍማን። ሁለቱም ምስል የሚታዘዝላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ታሪኩን ግን ከጸሐፊ ወሰዱ። ጆንዝ በዚያው በመጀመሪያ ፊልሙ ለኦስካር የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት ታጭቷል።

እኛ ጋ ደግሞ "ስክሪፕቱን ራሴ ጻፍኩት፣ ራሴ ኤዲት አደረግኩት" ማለት እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ለምን? ፒያሳ ክሊፕ የሚቀርጽ ልጅ ትንሽ በእግሩ ቢሄድ ሀገር ፍቅር ቴአትርን ያገኛል። ወደ ታች ቢወርድ ብሔራዊ ቴአትር አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የሚማሩ ልጆች አሉ። ቃለ ተውኔት መጻፍ የሚችሉ፣ ተዋናይ ማለማመድ የሚያውቁ ሰዎች እዚሁ አፍንጫችን ስር ናቸው። የክሊፑ ሰፈርና የቴአትሩ ሰፈር ግን አይተዋወቁም። አንዱ ሌላውን "ያረጀ" ይለዋል፣ ሌላው "ጥልቀት የሌለው" ብሎ ይመልሳል። በዚህ መሃል የሚጎዳው ፊልሙ ነው።

ለአንጋፋዎቹ የክሊፕ ዳይሬክተሮችም የምለው አለኝ። ጀማሪዎችን ቀረጻ ላይ አስገቧቸው። ገመድ ብቻ እያሸከማችሁ አታውሏቸው፤ የቀኑን ፕሮግራም ስታወጡ፣ በጀት ስትቆርጡ አጠገባችሁ ይቀመጡ። ደግሞ "ለልምድ ነው" እያላችሁ ሳምንት ሙሉ በነፃ አታሠሯቸው። ትራንስፖርቱን፣ ምሳውን፣ ትንሽም ብትሆን የድካሙን ክፈሉት። በነፃ መሥራት የሚችለው ቤተሰቡ የሚደጉመው ልጅ ብቻ ነው። ችሎታው ኖሮት የታክሲ ሳንቲም ያጣው ልጅ በሁለተኛው ቀን አይመጣም፤ እናንተም ማን እንዳመለጣችሁ አታውቁም።