ቤዝ ጊታሬን በመሮ ፈለጠው

ውስጤ እየነደደ ነው የምጽፈው።

ለቤዝ ጊታሬ ፒክአፕ ልቀይርለት ብዬ ስምንት ወር ብር አጠራቀምኩ። ጊታሩ ጃዝ ቤዝ በሚባለው የፌንደር ሞዴል አምሳያ የተሠራ ርካሽ ነው። አንገቱን ግን እጄ ለምዶታል፣ ሌላ አልፈልግም። የጎደለው ድምፁ ብቻ ነበር። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒክአፑ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞ። እሱ ደካማ ከሆነ የፈለገ ውድ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ብትሰኩ ለውጥ የለውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። የቤዝ ክር እንኳን ስንት ቦታ ዞረን ነው የምናገኘው። በመጨረሻ የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዶላሩን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ካሰብኩት ከእጥፍ በላይ ከፈልኩ። ይሁን፣ አንዴ ነው አልኩ።

ከዚያ እጁ ጥሩ ነው ወደተባለ ጠጋኝ ወሰድኩት። የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፖች እኩል አይደሉም። በአንገቱ በኩል ያለው በጥቂት ሚሊ ሜትር ያጥራል። ነግሬዋለሁ። ወረቀት ላይ ስዬም ሰጥቼዋለሁ።

አቀያየራቸው። ረጅሙ በአጭሩ ጉድጓድ አልገባ ሲለው መሮ አነሳ! ልወስድ ስሄድ የጉድጓዱ ዳር ተፈልጦ ነጭ እንጨቱ ወጥቷል፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። «ጠቦ ነበር፣ አሰፋሁልህ ወንድሜ» አለኝ። አጭሩ ደግሞ ሰፊው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይወዛወዝ ዙሪያውን የታጠፈ ካርቶን ጠቅጥቆበታል። ካርቶን! ደውሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ቅዳሜ ሰርግ ነበረን፣ ሌላ ጊታር የለኝም፣ ይዤው ሄድኩ። ሁለቱንም ቮልዩም ሙሉ ስከፍት ድምፁ ሟሸሸ። ሆዱ የወጣለት ነገር ሆነ። ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱ ፒክአፖች የተጠመጠሙት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፣ ማግኔታቸውም ተቃራኒ ነው። እኩል ሲከፈቱ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ከመብራት የሚመጣው ጉምጉምታ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሰውየው የአንዱን ሁለት ሽቦዎች አገላብጦ ስላያያዛቸው ነገሩ ተገለበጠ፤ የክሩ ድምፅ ተጠፋፋ፣ ጉምጉምታው ተደመረ።

ጉምጉምታው ደግሞ ዝም ብሎ ጩኸት አይደለም። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በጣም ወፍራሙ ክር (ኢ) ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ጂ የሚባለው ኖታ 49 ሄርዝ ነው። ስለዚህ ጂ በተጫወትኩ ቁጥር ሌላ የተበላሸ ጂ አብሮኝ ይጫወታል። ዘፋኙ ዞሮ አየኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ቤዙን ያዘው፣ እኔ ቮልዩሜን ዘግቼ ቆምኩ። ያ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። «ቤዝ ምን ያደርጋል፣ ኪቦርድ አለ አይደል» የሚሉ ሰዎች አሉ። የሮሃ ባንድን ሥራዎች ከፍታችሁ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ተከተሉ እስቲ። እሱን አውጡትና ምን እንደሚቀር ንገሩኝ።

ሰኞ ተመልሼ ስሄድ «ስፒከርህ ነው» አለኝ። አልተከራከርኩም። ማታ ከጓደኛዬ የሶልደር ብረት ተውሼ ራሴ ከፈትኩት፣ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ድምፁ መጣ፣ ስምንት ወር የጠበቅኩት ድምፅ፣ ደረት የሚመታው። ግን የተፈለጠውን እንጨት ማን ይመልስልኛል?

ይህን ሥራ በደንብ የሚያውቅ፣ ከመቁረጡ በፊት የሚለካ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጉድጓዱን በእንጨት ሞልቶ ፒክአፖቹን ወደየቦታቸው የሚመልስልኝ እፈልጋለሁ። የሁለት ሳምንት ቅዳሜ ደግሞ ሥራ አለኝ።