አልጋው የማን ነው? የዌልስ የካውንስል ምርጫ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል

ካርዲፍ ወይም ስዋንሲ የሚኖር፣ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ኢትዮጵያዊ ዛሬ የብሪታንያ ፓስፖርት ሳይኖረው ለካውንስል፣ ማለትም ለአካባቢው ምክር ቤት፣ ድምፅ ይሰጣል። የዌልስ ፓርላማ በ2021 ያወጣው ሕግ ዜግነትን ከመስፈርቱ አስወጥቶ የመራጩን ዕድሜ ወደ 16 ዝቅ አደረገው፤ የሜይ 2022ቱ ምርጫም በዚያው ሕግ ተካሄደ። ከእንግሊዝ በተለየ፣ በዌልስ ለካውንስል ምርጫ ፎቶ ያለበት መታወቂያ አይጠየቅም። ስም መዝገብ ላይ መኖሩ ይበቃል። መዝገቡን ለማጣራት ካውንስሉ የሚልከውን ፖስታ ስንቱ የኛ ሰው እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ሳይከፍተው እንደሚጥለው ግን ቤት ይቁጠረው።

መቶ ዓመት ወደ ኋላ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያው ዌልስ ተወልዶ፣ እዚያው ጉድጓድ ወርዶ የድንጋይ ከሰል የሚቆፍር የ35 ዓመት ሰው ለፓርላማ መምረጥ እየቻለ ለካውንስል ግን የማይመርጥበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ዘሩም ሃይማኖቱም አይደለም፤ አልጋው ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እንጨምራለን።)

የ1918ቱ የምርጫ ሕግ ለፓርላማ 21 ዓመት ለሞላው ወንድ ሁሉ ድምፅ ሲሰጥ፣ ለአካባቢ ምክር ቤት ግን ድምፁን ከቤት ጋር አሰረው። ቤትን ወይም ክፍልን በባለቤትነት ወይም በተከራይነት 6 ወር የያዘ ሰው ይመርጣል። ደባል ከሆነስ? እዚህ ላይ ሕጉ ክፍሉን ገብቶ ያያል። ደባሉ ክፍሉን ባዶውን ተከራይቶ የራሱን አልጋና ወንበር ካስገባ መራጭ ነው። አከራዩዋ አልጋውን አንጥፋ ካከራየችው ግን ለካውንስል አይመርጥም። ወላጆቹ ቤት የሚኖር ትልቅ ልጅ፣ ወንድም ሴትም፣ ተከራይ ስላልሆነ አይመርጥም። ሚስት 30 ዓመት ከሞላት በባሏ ተከራይነት ትመዘገባለች፤ በ1928 ይህ ወደ 21 ወረደ። ያላገባችና ከእናቷ ጋር የምትኖር የ35 ዓመት አስተማሪ ግን ከ1928 በኋላ ለፓርላማ ትመርጣለች፣ ደመወዟን ለሚወስነው ካውንስል አትመርጥም። አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት በደባልነት ኖሮ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት የተመላለሰ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። የኛም የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር እንዲኖር ይጠይቃል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ የኛው ሕግ የሚጠይቀው መኖርን እንጂ ኪራይን አይደለም።

ይህ አንቀጽ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ለማየት ሮንዳ ሸለቆን ማሰብ ነው። በ1921 ከ160 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት፣ ቤቶቹ ገደል ላይ በረድፍ የተደረደሩ፣ ደባል ያልያዘ ቤት እንደ ብርቅ የሚታይበት የማዕድን አገር ነው። ደባሎቹ ወጣት የማዕድን ሠራተኞች ናቸው። ሌበር ፓርቲን ይመርጣል የሚባለው ሰው ብዙው እዚያ የሰው አልጋ ላይ ተኝቷል። ስለዚህ የፓርቲው ሥራ ከምርጫ ቀን ብዙ ወራት በፊት ይጀምር ነበር። ረቂቅ መዝገቡ ሲለጠፍ የመንገዱ ተጠሪ ስም በስም ያነባል፣ ለቀረው ሰው የይመዝገብልኝ ጥያቄ ያስገባል፣ የተቃዋሚውን ሰው ደግሞ «ይህ ክፍሉን ከነዕቃው ነው የተከራየው» ብሎ ያስነሳል። ውጤቱን ቀድሞ የሚያውቀው ንግግር አዋቂው ሳይሆን መዝገቡን በእርሳስ ያሰመረበት ሰው ነበር።

የምርጫ ቀኑ እንደ ምክር ቤቱ ዓይነት ይለያያል፣ ሰውም የሚደናገረው እዚህ ነው። የካውንቲ ምክር ቤት በየ3 ዓመቱ በማርች በሙሉ ይመረጣል፦ 1919፣ 1922፣ 1925፣ እያለ እስከ 1937። ከተሞቹ ግን በየዓመቱ ኖቬምበር 1 ቀን ከአባላቱ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይቀይራሉ። አነስተኞቹ የከተማ ወረዳ ምክር ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ እንዲሁ በሦስተኛ በሦስተኛ፣ በጸደይ። ይህ አከፋፈል ጥቅሙ ልምድ ያለው ሰው ሁልጊዜ መኖሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሕዝቡ በአንድ ዓመት ተቆጥቶ ቢወጣም ምክር ቤቱን ለመገልበጥ ሁለት ሦስት ኖቬምበር መጠበቁ ነው። በውጭ አገር ያሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችንና ኢድሮቻችን ቦርዱን ባንድ ቀን ጠራርገው ሲያወርዱ የሒሳብ መዝገቡ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አብሮ ሲወርድ ለሚያይ፣ ይህች የሦስተኛ ዘዴ አትናቅም።

ለእጩነት የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። በከተማና በካውንቲ ምርጫ አቅራቢ፣ ደጋፊና ሌሎች 8 መራጮች ይፈርማሉ። ለፓርላማ እጩ ከ1918 ጀምሮ 150 ፓውንድ መያዣ ሲጠየቅ ለካውንስል ምንም አይጠየቅም። ፊርማው የሚወድቀው ግን በቀላል ስሕተት ነው፤ ፈራሚው በዚያ ቀጠና መዝገብ ላይ ከሌለ ወረቀቱ ከንቱ ነው። የተጠቆሙት ቁጥር ከወንበሩ ካልበለጠ ደግሞ ኮሮጆ አይወጣም። እንደ ሜሪዮኔዝና ካርዲጋን ባሉ የገበሬ አገሮች ብዙው ወንበር በዚህ መንገድ ያለ ውድድር ይሞላ ነበር። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌም «ገለልተኛ» እየተባሉ፣ ማን እንደሚገባ በሰፈር ስምምነት አልቆ ይመጣል።

ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የፓርቲ ስም የለም። እንደ ኛው ንብ ወይም ሌላ ምልክትም የለም። ያለው ስም፣ አድራሻና ሥራ ብቻ ነው፤ የፓርቲ ስም ወረቀት ላይ የገባው ከ1969ኙ ሕግ ወዲህ ነው። አሁን ይህን ከዌልስ ስሞች ጋር አጋጥሙት። ጆንስ፣ ዴቪስ፣ ዊሊያምስ፣ ኢቫንስ፣ ተመልሶ ጆንስ። እኛ የአባት ስም ጨምረን የምንገላገለውን እነሱ በሥራ ነበር የሚለዩት፤ በየመንደሩ ወተት ሻጩ ጆንስ፣ ዳቦ ጋጋሪው ጆንስ ይባላል። ስለዚህ «የማዕድን ሠራተኛ» ወይም «ባለ ሱቅ» የምትለዋ አንዲት መስመር የፓርቲ አርማ ሆና ታገለግል ነበር። ቋንቋውም ሌላ ራስ ምታት ነው። በ1931 ቆጠራ ከዌልስ ሕዝብ 36.8 በመቶው ዌልሽኛ ይናገር ነበር፣ ወደ 98 ሺህ የሚጠጋው እንግሊዝኛ ጭራሽ አይችልም። በዌልሽኛ የተዘጋጀ የምርጫ ቅጽ በሕግ የተፈቀደው ግን በ1964 ነው። ማንበብ ያልቻለ መራጭ ድምፁን ለጣቢያው ኃላፊ በቃሉ ተናግሮ ያስሞላል፤ ምስጢሩ እዚያው ታዛቢዎች ፊት ይወጣል።

ድምፅ የሚበላሽባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው። ጣቢያው የሚመታው ምልክት ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ከተፈቀደው ወንበር በላይ ምልክት ከተደረገበት፣ መራጩን የሚያሳውቅ ጽሑፍ ካለበት፣ ወይም ባዶ ከሆነና ሐሳቡ ካልታወቀ። የመጀመሪያው የሚያናድደው ነው፤ ጥፋቱ የጣቢያው ኃላፊ ሆኖ ድምፁን የሚያጣው መራጩ ነው። በአንድ ቀጠና ሁለት ሦስት ወንበር ባንዴ ሲከፈት ደግሞ የሠለጠነ ደጋፊ ለአንድ ሰው ብቻ X አድርጎ ሌላውን ባዶ ይተዋል። የቀረውን ድምፅ ለተወዳዳሪ አለመስጠት የራሱን ሰው ከፍ ማድረግ ነውና። ይህ ሕጋዊ ነው። ሁሉንም ወንበር ለማሸነፍ ለሚሻ ፓርቲ ግን መርዝ ነው፤ ዝነኛው እጩ አንደኛ ወጥቶ ሁለቱ ጓደኞቹ ይወድቃሉ።

በ1919 ሌበር የግላሞርጋንንና የሞንማውዝሺርን ካውንቲ ምክር ቤቶች ሲይዝ ሥራውን የሠራው የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ነው። በየጉድጓዱ ያለው የማኅበሩ ቅርንጫፍ፣ «ሎጅ» የሚሉት፣ እጩ ይመርጣል፣ ወረቀት ያትማል፣ በምርጫ ቀን ከፈረቃ የሚወጣውን ሠራተኛ ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ጣቢያው ይነዳል። እጩዎቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው «ቼክዌየር» የሚባለው ሰው ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው ባወጣው ቶን ስለሆነ የኩባንያውን ሚዛን የሚያመሳክር የራሱን ሰው መርጦ ከኪሱ ይቀጥራል። ይህ ሰው ለምን ካውንስል ውስጥ እንደበዛ የሚገባው የስብሰባ ሰዓቱን ላየ ነው። የግላሞርጋን ምክር ቤት የሚሰበሰበው ካርዲፍ፣ ካተይስ ፓርክ ባለው አዳራሽ፣ በሥራ ቀን ነው። ከሮንዳ ባቡር ይዞ ደርሶ መመለስ የአንድ ፈረቃ ደመወዝ ይበላል። ለካውንስል አባል የቀረ ደመወዝ ማካካሻ የመጣው በ1948ቱ ሕግ ነውና ያን ጊዜ የሚተካለት የለም። ተራ ቆፋሪ ቢመረጥ ፈቃድ የሚጠይቀው የኩባንያውን ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እርሱም የቤት ግብር እንዳይጨምር የሚሟገት ወገን ነው። ቼክዌየሩን ግን ኩባንያው አልቀጠረውም፣ ሊያባርረውም አይችልም። ሴቶችን ይህ ሰዓት የባሰ ይዘጋቸው ነበር፤ የአበርዴሯ ሮዝ ዴቪስ የግላሞርጋን ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና የገባችው በ1925 ነው።

ያልተመረጠ ሰው የሚገባበት የኋላ በርም ነበር። በካውንቲውና በከተማው ምክር ቤት ለየሦስቱ አባል አንድ «አልደርማን» ይጨመራል፣ የሚመርጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው፣ ዘመኑም 6 ዓመት ነው። 30 የሕዝብ ተመራጭ ካለ 10 አልደርማን ይኖራል ማለት ነው። 16 ለ14 ያሸነፈ ወገን ቦታዎቹ ክፍት በሆኑ ቁጥር ለራሱ ሰው እየሰጠ 10ሩንም ቢይዝ 26 ለ14 ይሆናል። በሚቀጥለው ምርጫ ጥቂት ወንበር ቢያጣ እንኳ አይነቀነቅም።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሥራ መስጠት ነው። ሮንዳ የራሱን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተዳድር ነበር። ጉድጓድ እየተዘጋ ባለበት ሸለቆ የአስተማሪነት ቦታ እንደ ርስት ይታያል። ማስታወቂያዎቹ «አባላትን ማግባባት ከውድድር ያስወጣል» ይሉ ነበር። ያም ሆኖ የአመልካቹ እናት አመሻሹ ላይ የካውንስሉን አባል በር ማንኳኳቷ በደቡብ ዌልስ የታወቀ ሐሜት ነው። ክልከላው ደጋግሞ መጻፉ ራሱ ልማዱን ይመሰክራል። አማላጅ የሚለው ቃል ዌልሽኛ ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም።

ግን ሁሉም ተሟልቶ፣ ሰውየው ተመርጦና ደመወዙን አጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ምን መወሰን ይችላል? እዚህ ነው ቁልፉ። የካውንስሉ ገንዘብ ከቤት ግብር ይመጣል፤ ቤቱ በዓመት ያወጣል የተባለው ኪራይ በፓውንድ ይገመትና ካውንስሉ «ከፓውንዱ ይህን ያህል ሺሊንግ» ብሎ ይጥላል። ግምቱ 10 ፓውንድ የሆነ ቤት፣ ከፓውንዱ 20 ሺሊንግ ከተጣለ፣ 10 ፓውንድ ይከፍላል። የከተማው ጠቅላላ ግምት 60,000 ፓውንድ ቢሆን አንዲት ፔኒ 250 ፓውንድ ታመጣለች። ትልቁ ጉድጓድ ተዘግቶ ግምቱ ወደ 45,000 ሲወርድ ያችው ፔኒ 187 ተኩል ፓውንድ ብቻ ናት፤ የሥራ አጡ ቁጥር ግን በዚያው ሳምንት ጨምሯል። ፔኒው ሲጨመር የቀረው ፋብሪካ ይሸሻል። መንግሥት በ1929 ለፋብሪካና ለማዕድን ከዚህ ግብር ሦስት አራተኛውን መተዉ ከተሞቹን ይበልጥ የለንደንን እጅ እንዲጠብቁ አደረጋቸው።

ቤድዌልቲን እንውሰድ። እስከ 1930 ድረስ ችግረኛን የሚረዳው ሕዝብ የሚመርጠው የድሆች ጠባቂዎች ቦርድ ነበር። በ1900 በመርዘር ቲድፊል ቦርድ ላይ የተሰጠ ፍርድ ሥራ ላቆመ ጤነኛ ወንድ መርዳትን ሲከለክል ሚስቱንና ልጆቹን ግን አልከለከለም። በ1926 የማዕድን ኩባንያዎቹ በሠራተኛው ላይ በር በዘጉ ጊዜ የጤና ሚኒስቴሩ የእርዳታውን መጠን ለሚስት 12፣ ለልጅ 4 ሺሊንግ አድርጎ አሳወቀ። የሞንማውዝሺሩ የቤድዌልቲ ቦርድ ግን በቀላሉ አልታዘዘም፤ ዕዳውም ተቆለለ። ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሌን በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት በፌብሩዋሪ 1927 ቦርዱን አንስቶ ኮሚሽነሮች ሾመ። ምርጫው አልተጭበረበረም፣ ኮሮጆው አልተገለበጠም፤ የተመረጡት ሰዎች ተነሱ፣ አለቀ።

ቦርዶቹ ሲፈርሱ ሥራቸው ወደ ካውንቲዎቹና ወደ ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ኒውፖርትና መርዘር ሄደ። በ1934ቱ ሕግ ደግሞ የሥራ አጥ እርዳታ ማንም ላልመረጠው የአገር አቀፍ ቦርድ ተላለፈ። አዲሱ ተመን በጃንዋሪ 1935 ሲወጣ ደቡብ ዌልስ ጎዳና ላይ ወጣ፣ በፌብሩዋሪ የመርዘር ሴቶች የቦርዱን ቢሮ ሰባበሩ፣ ቅነሳውም ቆመ። ካውንስላቸውን በኮሮጆ ለዓመታት ሲቆጣጠሩ ያላገኙትን በአንድ ሳምንት ሰልፍ ማግኘታቸው ስለ ካውንስሉ ብዙ ይናገራል። የማዕድን ሠራተኛ የነበረው የሌበር ፖለቲከኛ አናይሪን ቤቨን በ1922 የትሬዴጋር ከተማ ምክር ቤት፣ በ1928 የካውንቲው ምክር ቤት፣ በ1929 ፓርላማ ሲገባ አንድ እርከን ከፍ ባለ ቁጥር ሥልጣንን የሚያየው የኮቱ ጫፍ ሲሰወር ብቻ እንደነበር ኋላ ፓርላማ ውስጥ አውርቶታል።

እኛ ዘንድ ችግሩ ከሌላው ጫፍ ነው የሚጀምረው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ወንበር ቀርቦ ከሞላ ጎደል ሁሉንም አንድ ግንባር ወሰደው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተደገመ፣ ለ2010 ዓ.ም. የታሰበው ተራዘመ። ቤድዌልቲ ላይ ከተማው የመረጠውን ማዕከሉ አነሳው። የኛ ቀበሌ ምክር ቤት ግን ማዕከሉ የሚያነሳው ምክንያት አልነበረውም፤ በጀቱም መመሪያውም ሰዉም ከላይ የወረደ ነበርና።

የዌልሱ የአልጋ አንቀጽ በ1945 ተሻረ። በጦርነቱ ምክንያት ከ1939 ጀምሮ የካውንስል ምርጫ አልተደረገም ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን 1945 ጣቢያዎቹ ሲከፈቱ፣ ሰው ያነጠፈለት አልጋ ላይ ያደረው ደባል ጠዋት ተነስቶ ሄዶ ለካውንስል መረጠ።