«ወዲያው ተወው» ያልነው ስትሮክ

በሰፈር ወሬ ስትሮክ ሁሌም ድንገተኛ ነው፤ «ደህና ውሎ፣ እራቱን በልቶ፣ ሌሊት መታው» ይባላል። የአንዳንዱ እውነትም እንዲያ ነው። የሌላው ቤተሰብ ግን ረጋ ብሎ ሲጠየቅ፣ «እንዲያውም ባለፈው ሳምንት እጁ ዝሎ ብርጭቆ ጥሎ ነበር፤ ወዲያው ተወው እንጂ» ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ «ወዲያው ተወው» የሚባለው ነው። አፉ ተጣሞ የቀረ ሰው ቢያንስ ሰው ይሯሯጥለታል፤ መኪና ይፈለጋል፣ ጎረቤት ይጠራል። ለሩብ ሰዓት ተጣሞ የተመለሰለት ግን «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል፣ አለዚያም «መጋኛ ነው» ይባልና ይረሳል።

ሐኪሞች ይህን አላፊ ስትሮክ ቲአይኤ ይሉታል። የረጋ ደም ወደ አንጎል የሚሄድን የደም ሥር ለጥቂት ጊዜ ይዘጋና ራሱ ይሟሟል። ምልክቱ ይጠፋል፤ ደሙን ያረጋው ምክንያት ግን የትም አልሄደም። አንገት ላይ የጠበበ የደም ሥር ሊሆን ይችላል፣ ወይም ምቱ የተዛባ ልብ። በእኛ አገር ደግሞ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተከትሎ በመጣ የሩማቲክ ትኩሳት ቫልቩ የተጎዳ ልብ ብዙ ነው፤ ስለዚህ የ30 ዓመት ሰውም «ስትሮክ የሽማግሌ ነው» ብሎ ሊዘናጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት፣ በአላፊ ስትሮክ ድንገተኛ ክፍል ከታዩ 100 ሰዎች 10 ያህሉ በ3 ወር ውስጥ ሙሉ ስትሮክ እንደመታቸው አሳይቷል። ከእነዚህም ግማሹ የተመቱት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ነው። «እስቲ ሰኞ እንሄዳለን» የሚባለው እንግዲህ በእነዚያ 2 ቀናት ላይ ነው።

ነገሩ ለእኛ ከሌላው ዓለም ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ሙሉ ስትሮክ ከመታ በኋላ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ያውም አንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም አለመኖሩ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ። ከገጠር ወረዳ ተነስቶ ሲቲ ስካን ያለበት ከተማ መድረስ ብቻውን ይህን ሰዓት ይበላል፤ መድኃኒቱም በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። አላፊው ስትሮክ ግን ጊዜ ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያሉ ሕሙማን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ታይተው ወዲያው ሕክምና ሲጀምሩ ቶሎ የሚደገመው ስትሮክ በ80 በመቶ ቀንሷል። የሰጧቸውም በአብዛኛው የታወቁ ክኒኖች ናቸው፦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ የግፊትና የኮሌስትሮል። ውዱን ማግኘት ባልቻልንበት አገር ርካሹን ማሳለፍ ያንገበግባል።

ይህን አንብቦ አስፕሪን ሊገዛ ፋርማሲ የሚሮጥ ካለ ይቆይ። በኢትዮጵያ ስትሮክ ሲባል ብዙውን ጊዜ የደም መፍሰስም ነው፣ በተለይ ያልታከመ ደም ግፊት ባለበት። ለፈሰሰ ደም አስፕሪን ጠላት ነው።

ምልክቱ ረቂቅ አይደለም። የፊት ግማሽ ይወርዳል፣ አንድ እጅ ወይም እግር ይዝላል፣ ንግግር ይተሳሰራል፣ አንድ ዓይን መጋረጃ የወረደበት ያህል ይጨልማል። ዋናው ድንገት መምጣቱና ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን መሆኑ ነው። ክንድ ላይ ተኝቶ መደንዘዝ ሌላ ነገር ነው። በሕይወት ታይቶ የማይታወቅ፣ በሰከንዶች ውስጥ ጫፍ የሚደርስ ራስ ምታትም፣ ቢያልፍም እንኳ፣ ሐኪም ሳያየው መታደር የለበትም። ምልክቱ ገና ካልለቀቀ ደግሞ ውኃም ሆነ ጸበል አታጠጡ፤ ጉሮሮው አልታዘዝ ብሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ግን በቤተሰብ ላይ አልጭንም። አላፊ ስትሮክ ያለፈበት ሰው ጤና ተቋም ሲደርስ በእግሩ ቆሞ፣ እየተናገረ ነው። ድንገተኛ ክፍል የሚለየው አሁን የሚታየውን ነው፤ የሚያቃስተው ይቀድማል፣ እሱ ካርድ አውጥቶ ወረፋ ይጠብቃል። በመጨረሻም ግፊቱ ተለክቶ «ድካም ነው፣ ዕረፍት አድርግ» ይባላል። ቤተሰቡም «ድኖ የለ እንዴ፣ ለምኑ ነው ሲቲ ስካን የምንከፍለው?» ሲል የሚመልስለት የለም። ሕሙማንን በቅደም ተከተል የሚለየው ነርስ «አሁን ምን ያምሃል?» ከሚለው በፊት «በዚህ ሳምንት መጥቶ የጠፋ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ቢጀምር አንድ ብር አያስወጣም።

እስከዚያው ሕመምተኛው ራሱ አስተካክሎ መናገር አለበት። «ራሴን አዞረኝ» ብቻ ያለ ሰው ከወረፋው አይነሣም። «ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቀኝ እጄ ለ10 ደቂቃ አልሠራ አለ፣ ቃልም ጠፋኝ፤ የግፊት ክኒኔን ካቆምኩ ወር ሆኖኛል» ያለ ግን ለሐኪሙ ግማሹን ምርመራ ሠርቶለታል። አብሮት የነበረ ሰው ቢሄድ ደግሞ ይሻላል፤ ፊቱ ሲወርድ ያየው እሱ ነውና።