ፉትቦሉ ይብረር፣ ልጆቹ ግን በሰፈራቸው ይጫወቱ

ሚያዝያ 1978 ነው። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሄንሪ ሮኖ የሚባል ኬንያዊ ተማሪ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ላይ የ5 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በወሩ ሲያትል ላይ የ3 ሺህ ሜትር መሰናክልን ደገመ። ከዚያ አውሮፓ ተሻግሮ የ10 ሺህና የ3 ሺህ ሜትርን ጨመረ። በ81 ቀን አራት የዓለም ክብረ ወሰን! ሮኖ ያኔ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ያለው ፑልማን ውስጥ ነው፤ በስንዴ ኮረብታዎች የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት።

ኬንያ የተወለደው ሯጭ በርናርድ ላጋትም የተማረው እዚያው ፑልማን ነው። ከኤርትራ በጣሊያን በኩል ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ ሳን ዲዬጎ ያደገው መብራህቶም ክፍለዝጊ ደግሞ ሎስ አንጀለስ፣ ዩ ሲ ኤል ኤ ገባ። እዚያ አራት ጊዜ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በኋላ አቴንስ ላይ በማራቶን ብር አገኘ፣ ቦስተንንም አሸነፈ። ሶማሊያ የተወለደው አብዲ አብዲራህማን በአሪዞና፣ ኬንያዊው ኤድዋርድ ቼሴሬክ በኦሪገን ሮጡ። ቼሴሬክ ብቻውን 17 የኮሌጅ ዋንጫ ወስዷል።

እነዚህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ማኅበር አባላት ነበሩ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1915 ነው። ስሙ ፓክ-8፣ ፓክ-10፣ ፓክ-12 እየተባለ ከአባላቱ ቁጥር ጋር ይቀያየር ነበር። አሜሪካኖቹ ኮንፈረንስ ይሉታል። ጎረቤት የሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚጋጠሙበት፣ ገቢውንም የሚካፈሉበት ማኅበር ማለት ነው። ለእኛ አካባቢ ልጆች ይህ ኮንፈረንስ ትልቅ በር ነበር። ልጁ ይሮጣል፣ ስኮላርሺፕ ያገኛል፣ ዲግሪውን ይዞ ይወጣል።

ይህ ኮንፈረንስ በ14 ወር ገደማ ውስጥ ፈረሰ። ሰኔ 2022 ላይ ዩ ሲ ኤል ኤና ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቢግ ቴን ወደሚባለው የመካከለኛው ምዕራብ ኮንፈረንስ እንሄዳለን አሉ፤ አባላቱ በምሥራቅ እስከ ኒው ጀርሲና ሜሪላንድ ይደርሳሉ። በዓመቱ ሐምሌ ኮሎራዶ ወጣ። ነሐሴ 4 ቀን 2023 ደግሞ አምስት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ቀን ተነሡ። ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ ዩታና ሁለቱ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎች ቢግ ትዌልቭ ወደሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ። ወር ሳይሞላ ስታንፎርድና በርክሌይ ተከተሉ። እነሱ የገቡት የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ውስጥ ነው። ሁለቱም ያሉት በፓስፊክ ጠረፍ ነው። ይህን ስምምነት ለማግኘት ለዓመታት ከሙሉ ድርሻው 30 በመቶውን ብቻ ለመቀበል ተስማሙ። ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። የሮኖ ትምህርት ቤት ማንም ሳይጠራው ቀረ።

ምክንያቱ ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑ የሚፈልገው ደግሞ ፉትቦል ነው፤ የእኛን እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካኖቹን። እስከ 1984 ድረስ የስርጭት መብቱን የሚቆጣጠረው ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹና ኮንፈረንሶቹ ጨዋታቸውን ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። ዋጋው እያደገ ሄደ። ቢግ ቴን በ2022 ከፎክስ፣ ከሲ ቢ ኤስና ከኤን ቢ ሲ ጋር የተፈራረመው ውል ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ፓክ-12 ግን መጨረሻ ላይ በእጁ የነበረው ከአፕል ኩባንያ የመጣ፣ ገቢው በተመልካች ምዝገባ ላይ የሚንጠለጠል ሐሳብ ነበር። አባላቱ አላመኑትም። ሄዱ።

እኔ የምኖረው ሲያትል ነው። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፤ ልጃቸው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ መረብ ኳስ ትጫወታለች። አንድ ቀን ቡና ላይ ተገናኘን። «ወንድሜ፣ እስቲ አንተ አስረዳኝ» አሉኝ። «ልጄ ኒው ጀርሲ ድረስ የምትሄደው ከማን ጋር ልትጫወት ነው? እዚህ አጠገባችን ዩኒቨርሲቲ ጠፍቶ ነው?» የምመልሰው አጣሁ። ከሲያትል ኒው ጀርሲ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ እንደመሄድ ነው። በሲያትልና በኒው ጀርሲ መካከል የሦስት ሰዓት ልዩነት አለ። ልጅቷ ረቡዕ ትወጣለች፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ትገባለች። ፈተናዋን ሆቴል ቁጭ ብላ የምትሠራበት ጊዜ አለ። ለመሐንዲስነት ነው የምትማረው።

ልብ በሉ፤ የፉትቦል ቡድን በሳምንት አንዴ ነው የሚጫወተው። በዓመት ከሜዳው ውጭ የሚወጣው አምስት ስድስት ጊዜ ነው። ለእሱም የተከራዩለት አውሮፕላን አለ። የመረብ ኳስ፣ የሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰል ጨዋታ ነው) እና የቅርጫት ኳስ ልጆች ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። ብዙ ጊዜ የሚሄዱትም እንደማንኛችንም ትኬት ቆርጠው፣ አውሮፕላን ቀይረው ነው። ውሉ የተፈረመው ለፉትቦል ነው፤ ድካሙ የወደቀው እነሱ ላይ ነው።

ሯጮቹ በጉዞው በኩል ይሻላሉ። በየሳምንቱ ከኮንፈረንሱ አባላት ጋር መጋጠም የለባቸውም። የእነሱ ችግር ሌላ ነው፤ ቦታው ራሱ እየጠበበ ነው። ሰኔ 2025 አንድ ፍርድ ቤት ለኮሌጅ ስፖርተኞች 2.8 ቢሊዮን ዶላር የሚከፈልበትን ስምምነት አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለተጫዋቾቻቸው መክፈል ይችላሉ። ይህን እደግፋለሁ። ልጆቹ ለዓመታት ያለ ክፍያ ሰው ሲያበለጽጉ ኖረዋል። ግን ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። በስምምነቱ የተካተቱ ዩኒቨርሲቲዎች የቡድን አባላት ቁጥርም ጣሪያ ተደርጎበታል፤ ለአገር አቋራጭ 17 ሰው። ስኮላርሺፕ ሳይኖራት ቡድኑ ውስጥ ገብታ፣ በሦስተኛው ዓመት ጀግና የምትሆነው ልጅ ከእንግዲህ የት ትገባለች?

ዋሽንግተን ስቴት ራሱ በዚያው ሰኔ የአትሌቲክስ ቡድኑን ቆረጠ። ዝላይና ውርወራ ተሰረዙ። አጭር ርቀትም ተቀነሰ። ረጅም ርቀት ተረፈ። የሮኖና የላጋት ዘር አልጠፋም ማለት ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን አሎሎ ለመወርወር፣ ለመዝለል የመጡት ልጆች ትምህርታቸውን መሐል ላይ አድርሰው ቡድናቸው ጠፋባቸው። ስለ እነሱ ቴሌቪዥን ላይ የሰማ ስንቱ ነው?

የአፕል ካፕ ነገርም ይቆጨኛል። ዋሽንግተንና ዋሽንግተን ስቴት ከ1900 ጀምሮ የሚጋጠሙበት የፉትቦል ጨዋታ ነው። ብዙ ጊዜ የምስጋና ቀን ሰሞን፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው ነበር። ኮንፈረንሳቸው ስለተለያየ በ2024 ወደ መስከረም ተገፋ።

ይህን ሁሉ ስል የሚመልሱልኝ ሰዎች አሉ። «የመረብ ኳሱን ወጪ የሚሸፍነው እኮ የፉትቦሉ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከሌለ ቡድኑም አይኖርም» ይላሉ። እውነት አላቸው። በአብዛኞቹ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ትርፍ የሚያመጣው ፉትቦል ነው። ግን የገንዘቡ ምንጭ ፉትቦል ከሆነ፣ የሚበረው ፉትቦሉ ብቻ ቢሆን ምን ይጎድላል? ቴሌቪዥኖቹ 7 ቢሊዮኑን ለመክፈል የተዋዋሉት የሶፍትቦል ልጆች ሜሪላንድ ድረስ እንዲበሩላቸው አይደለም። ፉትቦሉ የራሱን ሊግ ይዞ የፈለገው ድረስ ይሂድ። ሌላው ስፖርት በየአካባቢው ኮንፈረንስ ይመለስ። ለአውሮፕላንና ለሆቴል የሚወጣው ገንዘብ ለስኮላርሺፕ ይሁን።

አይቻልም የሚል ካለ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲን ይይ። የኖትር ዳም ፉትቦል የማንም ኮንፈረንስ አባል አይደለም፤ ከኤን ቢ ሲ ጋር የራሱ ውል አለው። አብዛኞቹ ሌሎች ቡድኖቹ ግን በአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ነው የሚወዳደሩት። ያሬድ ንጉሤ የወጣው ከዚህ ትምህርት ቤት ነው። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ኬንታኪ የተወለደ ልጅ። በ2019 በ1,500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ነሐስ ወሰደ። ፉትቦሉና ሩጫው በተለያየ ማኅበር መሆናቸው ያሬድን ምንም አላጎደለበትም።

የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ይህን ያውቃሉ። የዩ ሲ ኤል ኤ የፉትቦል አሠልጣኝ የነበረው ቺፕ ኬሊ እንኳ ፉትቦል ለብቻው ይውጣ ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ውሉን የሚፈርሙት ፕሬዚዳንቶቹ ናቸው፤ መለየት የሚችሉትም እነሱ ናቸው። አሁን የምናየው ግን ሌላ ነው። የቀሩት ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ፓክ-12ን መልሰው ሊያቋቁሙ ከማውንቴን ዌስት ኮንፈረንስ አምስት አባላት ወሰዱ። የተጎዳው ተነሥቶ ጎረቤቱን ይጎዳል።

ለሰፈራችን እናት በመጨረሻ የነገርኳቸው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛ ልጃቸው ትሮጣለች፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። አሠልጣኞች ስልክ መደወል ጀምረዋል። «እህቴ፣ ሲደውሉ ስለ ማሊያና ስለ ጂም ብቻ አይጠይቁ» አልኳቸው። «በዓመት ስንት የትምህርት ቀን ያመልጣታል? ቡድኑ ውስጥ ያላት ቦታ በጽሑፍ ይሰጣታል? ቡድኑ ቢሰረዝ ስኮላርሺፑ እስክትመረቅ ይቆያል?» ደብተር አመጡና ጻፉት። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን አራተኛ ጥያቄ ራሳቸው ጨመሩ። «ስትወዳደር አውቶቡስ ይዤ ሄጄ ላያት እችላለሁ?»