ፍሪጁ ከፎቶው ይውጣ ወይ?

የክርክሩ ርእስ፦ የሐረር ባህላዊ ቤት፣ የጌይ ጋር፣ ጥናት ከሕንጻው መጀመር አለበት። ደጋፊው በድሬዳዋ የሥነ ሕንጻ መምህር ሲሆኑ፣ ተቃዋሚዋ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጁገል፣ ተወልደው ያደጉ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ናቸው።

መምህሩ፦ ሰው ይረሳል፣ ያጋንናል፣ እንግዳ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ያሳምራል፤ ቤት ግን ራሱ ይናገራል። አምስቱን ነደባዎች፣ ማለትም በቤቱ ውስጥ ለመቀመጫ ከፍ ተደርገው የተሠሩትን መደቦች፣ በከፍታቸውና በስፋታቸው የለካ ሰው፣ አሚር ነደባ የክብር፣ ሱትሪ ነደባ የተሰወረ ቦታ መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ይረዳል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ካየ፣ ያላገባች ልጅ በቤቱ መኖሯን ያውቃል። ፈረንሳዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ፒዬር ቡርዲዮ በአልጄሪያ የካቢልን ሕዝብ ቤት በብርሃንና በጨለማ፣ በላይና በታች ከፍሎ የማኅበረሰቡን አስተሳሰብ ያነበበው በዚሁ መንገድ ነው።

ተቃዋሚዋ፦ «ቤት ራሱ ይናገራል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብሁት። በእኛ ቤት ምንጣፉ ታላቅ እኅቴ ተድራ ሁለት ልጆች ከወለደች በኋላም እዚያው ተሰቅሎ ነበር፤ ሌላ ማስቀመጫ አልነበረንምና። መምህሩ በዚያ ወቅት ቢመጡ ኖሮ፣ ቤቱ ሽማግሌ እየጠበቀ ነው ብለው በጻፉ ነበር። ቡርዲዮን ካነሡ አይቀር ደግሞ፣ እርሱ ካቢልን ባጠናበት ዘመን የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት መንደሮቹን ባዶ እያስቀረ፣ የፈረንሳይ ጦርም ገበሬውን እያነሣ በካምፕ ያሰፍር ነበር። ይህን ግድግዳው አልነገረንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሜትር የያዙ ተማሪዎች እናቴ ዘንድ መጥተው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲለኩ ዋሉ። ፎቶ ከማንሣታቸው በፊት ግን «ኦሪጅናሉ እንዲታይ» ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ከነደባው አጠገብ ገፍታ እንድታወጣላቸው ለመኗት። የሚናገረውን ቤት አፉን ያዙት ማለት ነው።

መምህሩ፦ የእኔ ተማሪዎች ለመሆናቸው ማስረጃ የለም። ቢሆኑስ? ዕቃ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቋሚ ያልሆነ ነገር በፕላን ላይ አይሰፍርም፤ ይህም የሙያው ደንብ እንጂ የማንም ንቀት አይደለም። ጁገል እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የቤቶቹ የውስጥ አሠራር ከሁሉ ጎልቶ የተጠቀሰ ሀብት ነው። ዛሬ ስንቱ ግድግዳ ፈርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ እየተተካ ባለበት ሰዓት፣ ዕድሜዬን በአቧራ ውስጥ ስለካ የኖርሁትን ሰው እኅቴ በአንድ ፍሪጅ ሊመዝኑኝ መፈለጋቸው አሳዝኖኛል።

ተቃዋሚዋ፦ «ቋሚ ያልሆነ» አሉ። ነደባው ላይ ከሁሉ ቋሚ ያልሆኑት እኮ ሰዎቹ ናቸው! እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ትልቁ ግድር ነደባ ላይ መውጣት ስለማትችል የምትቀመጠው ትንሹ ጢት ነደባ ላይ ነው። የአፎቻዋ ሴቶች፣ ለደስታም ለሐዘንም የሚሰበሰቡት፣ ሲመጡ እርሷን ከታች ትተው ከፍ ብለው መቀመጥ ነውር ስለሚሆንባቸው፣ ቦታ እስኪጠብባቸው ድረስ ከዙሪያዋ ይደረደራሉ። ክብሩ አብሯት ወርዷል። ልኬቱ ግን ያው ነው፤ መምህሩም ከልኬቱ ተነሥተው እናቴ በቤቱ የመጨረሻዋ ሰው ናት ይሉናል። ለመሆኑ ያ ሁሉ የተለካው የት ደረሰ? እናቴ አንዲት ቅጂ እንኳ አላየችም።

መምህሩ፦ የተነሣንበት ጥያቄ ጥናቱ ከየት ይጀመር የሚል ነበር፤ አሁን ወደ ሰነድ አያያዝ ተዛውሯል። ይሁን። የዚያ ቤት ሥዕል ከሌሎቹ ጋር በትምህርት ክፍላችን ቁም ሣጥን ውስጥ በሥርዓት ተቀምጧል፤ መመልከት የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ ጽፎ ማየት ይችላል።

ተቃዋሚዋ፦ የተማሪዎቹን ነገር «ማስረጃ የለም» ካሉን በኋላ፣ ሥዕሉ በራሳቸው ቁም ሣጥን መኖሩን ስለነገሩን አመሰግናለሁ። እናቴ ፍሪጁን ስትገፋላቸው ማመልከቻ ጻፉ አላለቻቸውም።